ማሽን ውሃ አይስብም

(ባለፈው እሁድ ጠዋት ጀሞ፣ በግቢያችን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያወራሁት ነው። አንዷ ጎረቤቴ በስልኳ ቀድታው ነበር፣ ከእሱ ላይ ነው የገለበጥኩት። የልጆቹን ጩኸት ብቻ ነው የቀነስኩት።)

እንደምን አደራችሁ! አልሰማሁም፣ እንደምን አደራችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን።

እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ ሰብሳቢያችን "ወደ ጥበቃው ደሞዝ ከመግባታችን በፊት አስር ደቂቃ ስለ ልብስ ማሽን አውራልን" ብሎኝ ነው የቆምኩት። አስር ደቂቃ እንደማይበቃኝ እሱም ያውቃል። የማታውቁኝ ካላችሁ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ያ ደረጃ ላይ ሞተር ተሸክሞ እያለከለከ የሚያልፋችሁ ሰውዬ እኔ ነኝ። ስራዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጥገና ነው፣ 17 ዓመት ሆነኝ።

በዚህ ሁለት ወር ውስጥ ከዚህ ግቢ ብቻ ዘጠኝ ሰው ደውሎልኛል። ዘጠኙም ያሉኝ አንድ ነገር ነው፣ "ማሽኔ ውሃ አልስብ አለኝ።" ከዘጠኙ ስንቱ ማሽን ተበላሽቶ ያገኘሁት ይመስላችኋል? ገምቱ እስኪ። ስድስት? ሰባት? ሁለት ነው። ሁለት ብቻ! የቀሩት ሰባቱ ማሽኖች ደህና ናቸው፣ ምንም አልሆኑም፣ ቆመው ውሃ ሲጠብቁ ነው ያገኘኋቸው።

ስህተቱ ከቃሉ ነው የሚጀምረው። "ይስባል" እንላለን አይደል? እኔም እላለሁ፣ ሁላችንም እንላለን፣ ግን ማሽን ውሃ አይስብም። እደግመዋለሁ፣ ማሽን ውሃ አይስብም! አብዛኛው ማሽን ውስጥ ያለው ፓምፕ አንድ ነው፣ እሱም የቆሸሸውን ውሃ የሚያስወጣው ነው። ለማስገባት የተሰራ ፓምፕ የለውም። ውሃው በራሱ ጉልበት ነው ተገፍቶ የሚገባው፣ ማሽኑ የሚያደርገው በር መክፈትና መዝጋት ብቻ ነው። እንግዳ ሳይመጣ በር ቢከፈት ማን ይገባል?

ስለዚህ የመጀመሪያው ነጥቤ ቧንቧው ነው። ቧንቧ ስል "ውሃ አለ ወይ" ብቻ ማለቴ አይደለም፣ "ምን ያህል ጉልበት ያለው ውሃ አለ" ማለቴ ነው። ማሽኑ ጋ የሚሄደውን ጎማ ከማሽኑ በኩል ፍቱና ጀሪካን ውስጥ ክተቱት፣ ያው ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ያዙ። አንዳንድ ማኑዋል ላይ በደቂቃ 8 ሊትር ይላል፣ እንግዲህ ጀሪካኑ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ መሙላት አለበት ማለት ነው። አምስትና ስድስት ደቂቃ ከፈጀ ማሽናችሁን አትንኩት፣ ለኔም አትደውሉ፣ የሚደወለው ለቧንቧ ሰራተኛ ነው።

እዚህ ላይ የሮቶውን ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም በኛ ግቢ ዋናው ጣጣ እሱ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም ሮቶ አለን። ግማሾቻችን በረንዳ ላይ ወለል ላይ አስቀምጠነዋል፣ ግማሾቻችን ሽንት ቤቱ ኮርኒስ ላይ ሰቅለነዋል። አሁን ሂሳብ እንስራ፣ አትፍሩ ቀላል ነው። ውሃ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ሲቀመጥ 1 ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። ብዙ ማሽን ደግሞ ጀርባው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይ ማኑዋሉ ላይ ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋል፣ በ0.3 የሚሰሩም አሉ፣ 1 ባር የሚጠይቁም አሉ። 0.5 ባር ማለት አምስት ሜትር ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለው ሮቶ ከማሽኑ በላይ ስንት ነው? አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ስለዚህ 0.15! በረንዳ ወለል ላይ የተቀመጠውማ እሱን ተዉት። "ግን እኮ ባልዲ ይሞላል" ትሉኛላችሁ። ባልዲ እኮ በር የለውም፣ የሰጣችሁትን ይቀበላል።

የብሎኩ ጣሪያ ላይ ያለውን የጋራ ሮቶ የምትጠቀሙም ብትሆኑ እኩል አይደላችሁም። እኔ አራተኛ ላይ ነኝ፣ ሮቶው ከራሴ በላይ ሁለት ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ምድር ላይ ያለችው እህታችን ግን ከዛው ሮቶ አራት ፎቅ ሙሉ ወርዶ ነው የሚመጣላት፣ ለዛ ነው ማሽኗ ደህና ሰርቶ የኔ የሚያኮርፈው። አየሽ፣ ትስቃለች!

እስኪ ይቺን ተቀባበሏት። ልጆች እንዳይጥሏት ብቻ። ይህች ቫልቭ ትባላለች፣ ጎማው ማሽኑ ጀርባ ላይ የሚታሰርባት ነጭ ፕላስቲክ እሷ ናት፣ ካረጀ ማሽን ላይ ነው የፈታኋት። ለሁለት ሰንጥቄያታለሁ፣ ውስጧን እዩ። ክብ ላስቲክ አለች አይደል? መሃሏ ላይ የሆነች ቀዳዳ ትታያለች፣ ጠርዟ አካባቢ ደግሞ በመርፌ ጫፍ የተወጋች የምትመስል ሌላ ቀዳዳ አለች፣ ወደ መስኮቱ አዙራችሁ እዩዋት። ከላይ ያለው የተጠቀለለ ሽቦ ነው። መብራት ሲደርሰው ማግኔት ይሆንና መሃለኛዋን ቀዳዳ የዘጋችውን ትንሽ ብረት ብድግ ያደርጋታል። ያንን ብቻ ነው የሚያደርገው። ትልቋን ላስቲክ ማን ያነሳታል? ውሃው ራሱ ነው፣ ከስር ገፍቶ። የግቢያችንን ጥበቃ አስቡት፣ መቀርቀሪያውን ይስባል እንጂ ያን ከባድ የብረት በር የሚገፋው የመጣው ሰው ነው። የመጣው ሰው ጉልበት ከሌለውስ? መቀርቀሪያው ተከፍቶ በሩ ባለበት ይቆማል። ማሽናችሁ ውስጥ የሚሆነው ልክ ይሄ ነው።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ፣ ከሁሉም በላይ የምወደው፣ ጆሮ ነው። ምንም መፍቻ አያስፈልግም። ማሽኑን አስነሱት፣ ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ ልጆቹን ዝም በሉ በሏቸው፣ ጀርባው ጋ ጆሯችሁን አስጠጉ። "እዝዝዝዝ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁና ውሃ ካልገባ፣ መብራቱ ደርሷል ውሃው ግን አላለፈም። ወይ ግፊት የለም ወይ መንገዱ ተዘግቷል። ጭራሽ ዝም ካለ ደግሞ ትእዛዙ ራሱ ቫልቯ ጋ አልደረሰም ወይ ሽቦዋ ተቃጥሏል። እዝዝ ካለ ውሃውን ተከተሉ፣ ዝም ካለ መብራቱን። እኔ ቤታችሁ መጥቼ መጀመሪያ የማደርገው ይሄንኑ ነው፣ እናንተ ደግሞ ለዚህ ነው የምትከፍሉኝ።

ይሄን ጆሮ ከየት አመጣሁት? በሀፍረት ነው ያገኘሁት። ልንገራችሁ። 2003 ላይ ነው፣ ስራ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም፣ ሁሉን አውቃለሁ የምልበት ጊዜ። ሳሪስ አንዲት እናት ቤት ተጠራሁ። ማሽኑ ውሃ አያስገባም። ከፈትኩት፣ ቴስተሬን አወጣሁ፣ ግንባሬን ቋጥሬ "እትዬ፣ ቦርዱ ነው የሄደው" አልኳቸው። ቦርድ ማለት የማሽኑ ጭንቅላት ነው፣ ዋጋውም የጭንቅላት ነው። እሳቸውም አመኑኝ፣ ልጃቸው ከጅዳ ከላከችላቸው ብር ላይ ቆጥረው ሰጡኝ። ገዝቼ ቀየርኩ። አስነሳሁት። ምንም! ያው እዝዝ ይላል፣ እኔ ግን ያኔ ድምፅ መስማት አላውቅም። ላቤ መጣ። አለቃዬን ደውዬ ጠራሁት፣ ሽማግሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። መጣ፣ ማሽኑን አልከፈተም፣ ካቻቢቴም አላወጣም። ጎማውን በእጁ ፈታ፣ ቫልቯ አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት በፒንሳ ሳብ አደረጋት፣ መዳፌን ዘርጋ አለኝና ጠቅ ጠቅ አደረጋት። አሸዋ። መዳፌ ላይ አንድ ማንኪያ የማይሞላ ጥቁር አሸዋ! ጎማውን መልሶ አሰረ፣ ውሃው ሿ ብሎ ገባ። እትዬ ለካ ቡና አፍልተው ነበር። ያንን ቡና እንዴት እንደጠጣሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ብራቸውን ከደሞዜ እየቆረጥኩ በአራት ወር መለስኩላቸው፣ ቦርዱ እስካሁን ቤቴ አለ።

ስለዚህ ሦስተኛው ነጥብ ወንፊቷ ናት፣ ፊልተር የምንላት። ፈረቃችን ሲደርስ መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ምን ይመስላል? ሻይ! ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሲቆይ ውስጡ የተኛው ደለልና ዝገት ውሃው ሲመለስ አብሮ ይነሳል። ያ ሁሉ የሚያርፈው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወንፊት ላይ ነው። ማጽዳቱ ቀላል ነው፣ ሶኬት መንቀል፣ ቧንቧ መዝጋት፣ ጎማው ውስጥ የቀረ ውሃ ስላለ ከስር ሳፋ ማድረግ፣ ወንፊቷን በቀስታ በፒንሳ ሳብ ማድረግ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ። ቧንቧው በኩል ባለው የጎማ ጫፍም ሌላ ወንፊት የሚኖርበት ጊዜ አለ፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ድሬዳዋ ሁለት ዓመት ሰርቻለሁ፣ እዛ ችግሩ ደለል አይደለም ኖራ ነው፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጩ ድንጋይ ወንፊቷንም ይጋግራታል። እንደዛ ከሆነ አቼቶ ውስጥ ማሳደር ነው፣ ሎሚም ይሆናል። ስትመልሱ ጎሚኒውን ቦታው ላይ መሆኑን እዩ፣ በእጅ ጥበቅ አድርጉት፣ በፒንሳ አትታገሉት፣ ፕላስቲክ ነው ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። እለምናችኋለሁ! ወንፊቷን አውጥታችሁ አትጣሉ። "ስታስቸግረኝ ጣልኳት፣ አሁን ውሃው ሿ ብሎ ይገባል" የሚል ሰው አለ፣ እዚህም ተቀምጧል፣ ስሙን አልጠራም። አዎ ይገባል። አንድ ሁለት ወር ይገባል። ከዛ አሸዋዋ ያችን ላስቲክ ስር ትገባና ቫልቯ መዝጋት ያቅታታል። መዝጋት ሲያቅታት ማሽኑ ጠፍቶም፣ ሶኬቱ ተነቅሎም ውሃ ይገባል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃው ይደርሳል፣ እናንተ ተኝታችኋል። ጠዋት ማን ነው በር የሚያንኳኳው? የታችኛው ፎቅ ጎረቤት፣ እርጥብ ፍራሽ ይዞ። ሁለት ቤተሰብ በዚህ ነገር ሰላምታ አቋርጦ፣ እድር ላይ ጀርባ ተሰጣጥቶ ሲቀመጥ አይቻለሁ፣ የሁሉም መነሻ አንድ ጥፍር የምታህል ወንፊት። ደግሞ እግረ መንገዴን፣ ታጥቦ ሲያልቅ ቧንቧውን ዝጉ። ፈረቃው ሲመጣም መጀመሪያ ሻዩን በባልዲ አውርዱት፣ ለሽንት ቤት ይሆናል፣ ሲጠራ ነው ለማሽኑ የሚከፈተው።

ስንተኛ ላይ ነበርኩ? አራተኛ። አራተኛው ይገርማችኋል፣ ውሃ እየገባ "አልገባም" የሚባልበት ነው። እህቴ ከቤይሩት ስትመለስ ማሽን ይዛ መጣች፣ አያት ቤቷ ገጠማት አንድ ልጅ። በሳምንቱ ደወለችልኝ፣ "ወንድሜ ይሄ ማሽን ሰዓት ሙሉ ውሃ ይጎትታል፣ አይሞላም፣ አያጥብም፣ ሮቶዬን ጨረሰው።" ሄድኩ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ውሃ ይገባል፣ ያውም ደህና አድርጎ። ታዲያ የት ይሄዳል? ዞር ስል መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ የሚያስወጣው ጎማ ተጋድሟል፣ ከጫፉ ውሃው ኩልል እያለ ወደ ወለሉ ማፍሰሻ ይሄዳል። ገባችሁ? ጎማው መሬት ላይ ስለተኛ ውሃው በላይ ሲገባ በታች እየወጣ ነው። ስንቶቻችሁ ናችሁ ጎማውን ወለል ላይ የጣላችሁት? እጅ አውጡ፣ አትፈሩ። ኦሆ! ኧረ ግማሽ ስብሰባ ነው! መፍትሄው ነጻ ነው፣ ምንም አይከፈልበትም። ጎማው ከወለል 60 ሳንቲሜትር በላይ ከፍ ብሎ መታጠፍ አለበት፣ ብዙ ማኑዋል ከ60 እስከ 100 ነው የሚለው። ግድግዳው ላይ ሚስማር መትታችሁ በገመድ እሰሩት፣ ወይ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አንጠልጥሉት፣ ግን ሲገፋው እንዳይዘል ይታሰር። እህቴ እስካሁን "የሻሽ ጥገና" ነው የምትለው፣ በሻሿ ነበር ያሰርኩላት።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ነው። ከፊት የሚከፈተው ማሽን በሩ ቀጭ ብሎ ካልተቆለፈ ውሃ አያስገባም፣ የሸሚዝ እጅጌ ጎሚኒው ላይ ተቀርቅሮ ይሆናል። ህጻን ልጅ ያላችሁ ደግሞ ዲሌይ የሚለውን፣ ማሽኑን "ቆይተህ ጀምር" የሚለውን ቁልፍ እዩ፣ ልጁ ነክቶት ይሆናል፣ ስምንት ሰዓት ተሞልቶለት በትእግስት የሚጠብቅ ማሽን ልጠግን ኮተቤ ድረስ ሄጃለሁ። ከላይ የሚከፈቱት ብዙዎቹ፣ ከአሜሪካ የመጡትም፣ ሁለት መግቢያ አላቸው፣ ለሙቅና ለቀዝቃዛ። አንዱን ብቻ አስራችሁ ዋርም ላይ ካደረጋችሁት የሞቀውን እየጠበቀ ይቆማል፣ ኮልድ ላይ አድርጉት። የአሜሪካኑ ደግሞ 120 ቮልት ነው፣ የኛ ሶኬት 220፣ ያለ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ስለ ውሃ የምናወራው ነገር አይኖርም። ኮድ የሚጽፍላችሁ ካለ ኤልጂ ላይ አይኢ፣ ሳምሰንግ ላይ 4ሲ ወይ 4ኢ፣ ቦሽ ላይ ኢ17፣ ሁሉም ቋንቋቸው ይለያይ እንጂ የሚሉት "ውሃ አልደረሰኝም" ነው። "ተበላሽቻለሁ" አላሉም! ብዙ ሰው ኮድ ሲያይ ነው የሚደነግጠው።

ማሽኑ ራሱ የሚጠረጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጆሯችሁን አስጠግታችሁ ዝም ካለ፣ በሩም ከተቆለፈ፣ ያኔ ጥሩኝ። ሶኬቱ ተነቅሎ የቫልቯን ሽቦ በቴስተር እለካለሁ፣ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ ካነበበ ደህና ናት፣ ምንም ካላነበበ ተቃጥላለች፣ ቫልቭ ደግሞ ከቦርድ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። ወይ ደግሞ የውሃውን ልክ የምትለካው መሳሪያ ናት፣ እሷ ጋ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ በኦሞ ዝቃጭ ስትዘጋ ማሽኑ ባዶውን "ሞልቻለሁ" ብሎ ያስባል። ጠጋኝ መጥቶ ጎማውን ሳይፈታ፣ ወንፊቷን ሳያይ "ቦርድ ነው" ካላችሁ በኔ ይሁንባችሁ፣ ቡና አጠጡትና ሸኙት። እኔንም ጨምሮ ነው የምለው። ጀርባውን ራሳችሁ አትክፈቱ ግን፣ እርጥብ ወለልና መብራት ቀልድ አያውቁም።

ግፊት ለሌላችሁ ምን ይደረግ? የአቅማችሁን ነው። ትንሽ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ ከሮቶው ቀጥሎ ማስገጠም አንዱ ነው፣ ውሃ ሲከፈት ራሱ የሚነሳውን አይነት፣ ሮቶው ሲያልቅ ደርቆ እንዳይሰራ መጠበቂያ ያለው ይሁን። በዝቅተኛ ግፊት የሚከፈት ቫልቭም አለ፣ እሱን መቀየር ይቻላል። ለዛሬ ልብስ ለቸኮለ ደግሞ ከፊት የሚከፈተው ላይ የኦሞ መሳቢያውን ከፍቶ ከ10 እስከ 15 ሊትር በጆግ ማንቆርቆር ነው፣ ቶሎ ቶሎ፣ ኮዱን ሳያወጣ። ልክ ሲደርስ ራሱ መዞር ይጀምራል። ከጀመረ ሌላም ነገር ነገራችሁ ማለት ነው፣ ሆዱ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ መንገድ ላይ ነው። ለማለቅለቂያም እንደገና መቆም ግን አለባችሁ፣ ወገብ ይጠይቃል። ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ነጋዴዎቹ ይቀየሙኝና፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበትና ሮቶው ወለል ላይ ለተቀመጠ ቤት ያ ባለ ሁለት ጎድጓዳው ሴሚ ኦቶማቲክ ይሻላል እላለሁ። በባልዲ ቢሞሉት አይከፋውም። እኔ ራሴ፣ ጠጋኙ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለኝ እሱ ነው። ምን ያስቃል?

በቃ ጥያቄ ካለ። ከኋላ ያሉት እናት እጃቸው ቆይቷል፣ ማይኩን ስጧቸው።

("ልጄ እድሜ ይስጥህ። እኔ ሦስተኛ ነኝ። ሁሉን አድርጌያለሁ፣ ወንፊቷንም ልጄ አጥቧታል፣ ጎማውም ተሰቅሏል። ትናንት ግን ጭራሽ ጠብ አላለም። እዝዝ ይላል።")

እማማ፣ እዝዝ ካለ ደህና ነው። ጎማውን ፈትተው ጀሪካኑ ውስጥ ከተውት ነበር?

("ከትቼዋለሁ።")

በስንት ደቂቃ ሞላ?

("ኧረ አልሞላም። ትናንት እኮ ፈረቃችን አልነበረም።")